የአያቶች ባሕር፦ ስለ ጄጁ ደሴት ምድርና ሴቶች



ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ አንሥተነው ሳንቋጨው የተለያየንበትን ጉዳይ ሁላችሁም ታስታውሱታላችሁ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ እንደ ቀድሞው ሙሉ ቀን ቆመው በርበሬ መደለዝም ሆነ ጆንያ ማንሣት የማይችሉ እናቶች በባልትናው የሥራ ክፍፍል ውስጥ ይቆዩ ወይስ ይውጡ? «ያልሠራ እንዴት እኩል ይካፈላል?» ያሉ ነበሩ። «ማኅበሩን ከባዶ ተነሥተው ያቆሙት እነሱ አይደሉም ወይ?» ያሉም ነበሩ። ድምፅ ሳይሰጥ መሸና ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የንባብ ቡድን አባላትም በነገሩ ላይ እርስ በርሳችን አልተስማማንም ነበር።

በዚህ እትም ተራችን ስለ አንድ ሩቅ አገር ምድርና ሕዝብ ታሪክ መጻፍ ነው። የመረጥነው ከደቡብ ኮሪያ በስተ ደቡብ፣ ባሕር መካከል ያለችውን የጄጁን ደሴት ነው። ኮሪያ ለእኛ ጨርሶ እንግዳ አገር አይደለችም። ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች እዚያ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑትም ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። ከመካከላችን የአንዷ አባት ከዘማቾቹ አንዱ ስለነበሩ የአገሩን ስም መጀመሪያ የሰማችው ከእሳቸው አፍ ነው። እሳቸው ግን የሚያወሩት ስለ ብርዱና ስለ ተራራው ውጊያ ነበር። ስለ ጄጁ ሴቶች ያወቅነው አሁን ለዚህ ጽሑፍ ስናነብ ነው። እያነበብን ስንሄድ ያ ያልተቋጨው ጉዳያችን ድንገት ከፊታችን ድቅን አለ። እንዴት እንደሆነ ወደ መጨረሻው እንደርስበታለን። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።

ከእሳት የወጣች ምድር

ጄጁ የእንቁላል ቅርጽ ያላት ደሴት ናት። ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 73 ኪሎ ሜትር ያህል ትረዝማለች፤ ስፋቷ 1,850 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ ብትቀመጥ ዙሪያዋን ሰፊ ውኃ ይተርፋል። በመካከሏ ሃላሳን የሚባል ተራራ ቆሟል። ቁመቱ 1,947 ሜትር ሲሆን ከደቡብ ኮሪያ ተራሮች ሁሉ ረጅሙ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ እኛ የእነሱን ታላቅ ተራራ ቁልቁል የምናይበት ከፍታ ላይ ተቀምጠን ሽንኩርት እንከትፋለን ማለት ነው። እነሱ ግን ተራራውን የሚያዩት ከባሕሩ ዳር ሆነው ሽቅብ ነውና ከደመና በላይ የተሰቀለ ይመስላቸዋል።

ደሴቲቱ በሙሉ የተሠራችው በእሳተ ገሞራ ነው። ከመሬት ሆድ የወጣው የቀለጠ ዐለት እየተደራረበና እየቀዘቀዘ ጥቁር፣ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ሆኗል። በዋናው ተራራ ዙሪያ 360 ያህል ትናንሽ ጉብታዎች ተበትነዋል፤ የአገሩ ሰው «ኦረም» ይላቸዋል። ከምድር በታች ደግሞ የቀለጠው ዐለት የፈሰሰባቸው ረጃጅም ዋሻዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ የሆነው ማንጃንግጉል ከ7 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ተራራውና ዋሻዎቹ በ2007 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነው ተመዝግበዋል።

የጥንቱ ተረታቸው ግን ደሴቲቱን የሠራቻት አንዲት ግዙፍ አያት ናት ይላል። ስሟ ሰልሙንዴ ሃልማንግ ነው፤ «ሃልማንግ» በጄጁ አነጋገር አያት ማለት ነው። አፈሩን በቀሚሷ ሸክፋ እየተሸከመች ተራራውን ከመረችው፤ ቀሚሷ ቀዳዳ ነበረውና በየመንገዱ የፈሰሰው አፈር ትናንሾቹን ጉብታዎች ሠራ። በነጠላ ጫፍ ጤፍ ቋጥራ ስትሄድ መንገድ ላይ ያፈሰሰች ሴት የማታውቅ ከመካከላችን የለችምና ይህ ተረት ብዙ አሳቀን።

ዝናብ ሞልቶ ውኃ የሚጠፋበት አገር

ጄጁ ከኮሪያ ምድር ሁሉ ዝናብ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዷ ናት። ሆኖም ለረጅም ዘመን ሕዝቧ በውኃ ጥም ሲሠቃይ ኖሯል። ምክንያቱ ድንጋዩ ነው። ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ዝናቡን እንደ ወንፊት ወደ ታች ያሳልፈዋል። አብዛኞቹ ወንዞች ዝናብ በጣለ ጊዜ ብቻ ይፈሱና ወዲያው ይደርቃሉ። ወደ መሬት የሰረገው ውኃ የሚወጣው ቁልቁል ተጉዞ ባሕሩ ዳር ሲደርስ፣ ምንጭ ሆኖ ነው። ስለዚህ መንደሮቹ እንደ ዶቃ በባሕሩ ዙሪያ፣ ምንጭ ባለበት ሁሉ ተደረደሩ። ከተራራው ወገብ ላይ የሰፈሩት ደግሞ የዝናብ ውኃ በኩሬ እያጠራቀሙ ይኖሩ ነበር።

ያንን ውኃ የሚቀዱት ሴቶች ነበሩ። «ሆቦክ» የሚባል አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሸክላ እንስራ በቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ አድርገው በጀርባቸው ይሸከሙታል። አፉ የጠበበው በዚያ ሁሉ ድንጋይና ነፋስ መካከል ውኃው እንዳይፈስ ነው። ልጃገረዶች ከትንሽነታቸው ጀምሮ በልካቸው በተሠራ ትንሽ ሆቦክ ይለማመዱ ነበር። በእንስራ ጀርባቸው የተላጠ እናቶቻችን ይህን ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይረዱታል። ከምድር በታች ያለውን ውኃ በማሽን እየሳቡ በቧንቧ ማደል የተስፋፋው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ነው።

ድንጋይ፣ ነፋስና ሴት

ኮሪያውያን ጄጁን ሲገልጹ ሦስት ነገር ይበዛባታል ይላሉ፦ ድንጋይ፣ ነፋስና ሴት። ሦስት ነገር ደግሞ የላትም ይላሉ፦ ሌባ፣ ለማኝና የግቢ በር።

ድንጋዩን ከእርሻው እየለቀሙ አጥር ሠሩበት። ያለ ጭቃ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ እየካቡ የሠሩት የእርሻ አጥር ሁሉ ቢቀጣጠል 22,000 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚደርስ ይገመታል። በድንጋዮቹ መካከል የቀረው ክፍተት ነፋሱን እያበጠረ ያሳልፈዋል፤ ስለዚህ አጥሩ አይናድም፤ አፈሩም አይጠረግም። የአጥሩ አጀማመር የሚነገርለት ታሪክም አለ። በ1234 ገደማ ኪም ኩ የተባለ ሹም፣ ኃይለኞች የድሆችን መሬት እየገፉ መውሰዳቸውን ባየ ጊዜ ወሰኑ በድንጋይ እንዲለይ አዘዘ ይባላል። ድንበር መግፋት በየትኛውም አገር ያለ ችግር ነው።

አፈሩ ውኃ ስለማይዝ ሩዝ በደንብ አይበቅልበትም። ሕዝቡ የኖረው በገብስ፣ በደቃቃ የማሽላ ዓይነቶችና በኋላም በስኳር ድንች ነው። ነጭ ሩዝ የበዓልና የተዝካር ምግብ ነበር።

በግቢው መግቢያ በር ሳይሆን በሁለት የድንጋይ ምሰሶዎች መካከል የሚጋደሙ ሦስት አጣናዎች ነበሩ። አንዱ ብቻ ከተጋደመ «አሁን እመለሳለሁ» ማለት ነው። ሦስቱም ከተጋደሙ «ሩቅ ሄጃለሁ» ማለት ነው። አንድም ካልተጋደመ «ቤት አለን፤ ግቡ» ማለት ነው። ግቢው ውስጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሁለት ቤቶች ይሠራሉ። በአንዱ ወላጆች፣ በሌላው ያገባው ልጅ ይኖራል። ልዩ የሚያደርገው ሁለቱ ቤቶች ለየራሳቸው ማብሰላቸው ነው። አሮጊቷ እናት ጉልበቷ እስካለ ድረስ የራሷን ማድጋ፣ የራሷን እሳት፣ የራሷን ማሳ ይዛ ትኖራለች። ከልጅ እጅ መብላት ነውር ስለሆነ አይደለም። ሠርቶ መብላት የሰውነት ክብር ነው ብለው ስለሚያምኑ ነው።

ከታምና እስከ ቾሰን

ጄጁ ድሮ ታምና የምትባል ራሷን የቻለች መንግሥት ነበረች። በአፈ ታሪኩ መሠረት ሦስት ወንዶች ከመሬት ጉድጓድ ወጡ፤ ሲያድኑም ኖሩ። በኋላ ከባሕር ማዶ ሦስት ልዕልቶች የእህል ዘር፣ ጥጃና ውርንጭላ ይዘው በመርከብ መጡና እርሻ ያኔ ተጀመረ። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ደሴቲቱ የኮርዮ ግዛት ሆነች። በ1273 ሞንጎሎች ያዟት፤ ለፈረስ እርባታ ምቹ ሆና ስላገኟትም ፈረሶቻቸውን አመጡባት። የጄጁ ፈረስ ዛሬም የታወቀ ነው።

በቾሰን ነገሥታት ዘመን ጄጁ ግብር የሚሰበሰብባትና ግዞተኛ የሚጣልባት ምድር ሆነች። ለቤተ መንግሥቱ ከሚላከው ሁሉ ከባዱ አባሎኒ የተባለው፣ ጠንካራ ቅርፊት ያለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነበር። ከባሕር ወለል ዐለት ላይ እየተፈለቀቀ ነው የሚወጣው። መጀመሪያ ወደ ጥልቁ እየጠለቁ አባሎኒ የሚያወጡት ወንዶች ነበሩ፤ ሴቶች ከዳር የባሕር አረም ይሰበስቡ ነበር። ግብሩ ከልክ ሲያልፍ ወንዶቹ በጀልባ እየሸሹ ጠፉ፤ ብዙዎችም በባሕር አለቁ። ሕዝቡ እየሸሸ በማለቁ መንግሥት በ1629 ማንም ከደሴቲቱ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ክልከላው ለ200 ዓመት ገደማ ቆየ። ሹሞች ግን ግብሩን አልተዉትም። ወንዶቹ የተዉትን ሸክም ሴቶቹ ተሸከሙት፤ ወደ ጥልቁም ገቡ። እነዚህ ሴቶች ዛሬ «ሄኒዮ» ይባላሉ፤ የባሕር ሴቶች ማለት ነው።

ስለዚህ «ሴት ይበዛባታል» የሚለው አባባል ጌጥ ብቻ አይደለም። ከጀርባው ያልተመለሱ ባሎችና የማይቀር ግብር አሉ።

ማንዶክ

የዚያን ዘመን ታሪክ ስናነብ ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀችን ኪም ማንዶክ ናት። በ1739 ተወለደች፤ በልጅነቷ ወላጆቿን አጣች። ሹማምንትን በዘፈንና በጭፈራ ከሚያስተናግዱ፣ ዝቅ ተደርገው ከሚታዩ ሴቶች መዝገብ ገባች። ካደገች በኋላ ስሟ ከዚያ መዝገብ እንዲሰረዝ ተከራክራ ተሳካላት። ከዚያ የእንግዳ ማረፊያ ከፈተች፤ የደሴቲቱን ምርት ለመሐል አገር ነጋዴዎች እየሸጠች፣ እህልና ጨርቅ እያስመጣች ባለጸጋ ሆነች።

በ1790ዎቹ መጀመሪያ ጄጁን ብርቱ ረኀብ መታት። ከመሐል አገር እህል ጭነው የመጡ መርከቦችም በማዕበል ሰጠሙ። ያን ጊዜ ማንዶክ በራሷ ገንዘብ ከመሐል አገር እህል አስገዝታ ለተራበው ሕዝብ አከፋፈለች። ንጉሥ ጆንግጆ ይህን ሰምቶ «ምን ላድርግልሽ?» ብሎ አስጠየቃት። እሷም ሹመትና ወርቅ አልጠየቀችም። ዋና ከተማውንና ዝነኛውን የኩምጋንግ ተራራ ማየት እፈልጋለሁ አለች። ከደሴቲቱ መውጣት ለተከለከለች ሴት ይህ ትልቅ ጥያቄ ነበር። ንጉሡም ፈቀደላት፤ ሄዳም አየች። በ1812 አረፈች። እኛ እርስ በርሳችን «ገንዘብ ኖሮሽ አንድ ነገር ብትጠየቂ ምን ትያለሽ?» ተባብለን ነበር። ከእኛ ውስጥ «መሄድ» ያለች አልነበረችም፤ ሁላችንም ለልጆች ነው የጠየቅነው። ማንዶክ ግን ለራሷ ጠየቀች።

በገበያ ቀን

ጃፓን ኮሪያን ከ1910 እስከ 1945 ገዝታለች። በዚያ ዘመን የጄጁ ጠላቂዎች ደሴታቸው አልበቃ ብሏቸው ወደ መሐል ኮሪያ፣ ወደ ጃፓን፣ እስከ ቭላዲቮስቶክ ድረስ እየሄዱ ወራት ሠርተው ይመለሱ ነበር። ጥቅማቸውን ለማስከበር በ1920 የራሳቸው ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ በጃፓን ባለሥልጣናት እጅ ገባ። የደሴቲቱ ገዥ ራሱ ሊቀመንበር ሆነ፤ የምርታቸውን ዋጋ ለነጋዴዎች እንዲመች አድርጎ ይቆርጥ ጀመር። ሴቶች ያላዘዙበት የሴቶች ማኅበር ምን እንደሚሆን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሃዶ መንደር አንዳንድ ወጣት ጠላቂዎች ቀን ባሕር ውስጥ ውለው ማታ ይማሩ ነበር። ማንበብና ማስላት ሲያውቁ ሚዛኑ እንዴት እንደሚያታልላቸው ገባቸው። በጥር 1932 በሴህዋ የገበያ ቀን የጠላቂ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሥራ መሣሪያቸውን ይዘው ወጡ፤ በዚያ የሚያልፈውን የገዥውን መኪና ከበው አቤቱታቸውን አሰሙ። እንቅስቃሴው ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛመተ፤ በጠቅላላው 17,000 ያህል ሰዎች እንደ ተሳተፉበት ይነገራል። መሪዎቹ ታሰሩ። ከእነሱ መካከል ቡ ቹንህዋ፣ ኪም ኦክርዮንና ቡ ዶክርያንግ ስማቸው እስከ ዛሬ ይጠራል።

ዝም የተባለው ዘመን

ጃፓን ከወጣች በኋላ ኮሪያ ለሁለት ተከፈለች። በጄጁ ሚያዝያ 3 ቀን 1948 የፖሊስን ግፍና በደቡብ ብቻ ሊደረግ የታሰበውን ምርጫ በመቃወም የታጠቁ ሰዎች ተነሡ። መንግሥት የሰጠው ምላሽ ግን በታጠቁት ላይ ብቻ አልቆመም። በተራራው ወገብ ያሉ መንደሮች ተቃጠሉ። ነገሩ በ1954 እስኪያበቃ ድረስ ከ25,000 እስከ 30,000 ሰው እንዳለቀ ይገመታል፤ ይህም ከደሴቲቱ ሕዝብ አሥር እጅ አንዱ ያህል ነው። ቡክቾን በተባለው መንደር ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ መንደሩ «ወንድ የሌለበት መንደር» ተባለ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓሠርት ዓመታት ስለ ሟቾቹ መናገር ራሱ ወንጀል ሆኖ ቆየ። ህዮን ኪዮንግ የተባለው ደራሲ በ1978 «ሱኒ ሳምቾን» በሚል ርዕስ ስለዚህ እልቂት ልብ ወለድ በመጻፉ ታስሮ ተገርፏል። «ሳምቾን» በኮሪያ ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ በጄጁ ግን ሴትም ሆነ ወንድ፣ ዘመድም ሆነ ጎረቤት፣ ታላቅ የሆነ ሰው ሁሉ የሚጠራበት ነው፤ እኛ ጎረቤታችንን «እትዬ»፣ «እማማ» እንደምንለው። ጉዳዩን የሚያጣራ ልዩ ሕግ በ2000 ወጣ፤ ፕሬዚዳንት ሮ ሙህዮን በ2003 በመንግሥት ስም ይቅርታ ጠየቁ። ያን ሁሉ ዘመን በልቅሶ ያልተቀበሩትን በልባቸው ይዘው፣ የተቃጠለውን ቤት መልሰው ክበው ልጅ ያሳደጉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው።

እሳት ዳር የሚወጣ ሕግ

አሁን ወደ ሥራቸው እንግባ። ሄኒዮዎች ያለ ኦክስጅን፣ ትንፋሻቸውን ብቻ ይዘው እስከ 10 ሜትር፣ ጎበዞቹም ከዚያ በላይ ይጠልቃሉ። በአንድ ትንፋሽ አንድ ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ይቆያሉ፤ በቀን እስከ ሰባት ሰዓት፣ በዓመት 90 ቀን ያህል ይሠራሉ። ድሮ ለመንሳፈፊያ የሚይዙት የደረቀ ቅል ነበር፤ ከሥሩ የሰበሰቡት የሚገባበት መረብ ይንጠለጠላል። ከጥልቁ ሲወጡ የያዙትን ትንፋሽ በፉጨት ይለቁታል። ጓደኛዋ በሕይወት መኖሯን እያንዳንዷ የምታውቀው በዚያ ፉጨት ነው። ብቻዋን የምትጠልቅ የለችም።

ባሕሩ ዳር «ቡልቶክ» የሚባል በድንጋይ የታጠረ የእሳት ቦታ አላቸው። ልብስ የሚቀይሩት፣ የሚሞቁት፣ ልጅ የሚያጠቡት፣ ስብሰባ የሚቀመጡት እዚያ ነው። እንደ ችሎታቸው በሦስት ማዕረግ ይከፈላሉ፤ ከፍተኞቹ ጭስ በማይደርስበት በኩል ይቀመጣሉ። በየትኛው ቀን እንደሚወጣ፣ የትኛው ዓይነት በመራቢያ ወሩ እንደማይነካ፣ ያላደገ ቀንድ አውጣ ወደ ባሕር እንደሚመለስ፣ ደንብ የጣሰች ምን እንደምትቀጣ የሚወሰነው በዚያ እሳት ዳር፣ ተነጋግሮ በመስማማት ነበር። ከጥልቅ ያወጣችው አባሎኒ የየራሷ ነው። በጋራ የሚታጨዱ የባሕር አረሞች ግን በጋራ ተሸጠው ገንዘቡ ይከፈላል።

እንደ እኛ እቁብም አላቸው፤ ኮሪያውያን «ግዬ» ይሉታል። በእርሻ ሥራ ደግሞ «ሱኑረም» የሚባል፣ ከደቦና ከወንፈል የማይለይ መረዳዳት አላቸው። በኦንፕዮንግ መንደር ትምህርት ቤቱ በ1950 በተቃጠለ ጊዜ ሴቶቹ ከባሕሩ አንዱን ክፍል «የትምህርት ቤት ባሕር» ብለው ለዩት። ከዚያ የሚወጣው አረም ገቢ ሁሉ ለትምህርት ቤቱ ማሠሪያ ዋለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የምንለው ይኸው ነው።

የአያቶች ባሕር

ያ ያልተቋጨው ጉዳያችን ትዝ ያለን እዚህ ላይ ነው። በአንዳንድ የጄጁ መንደሮች ከዳር ያለው፣ ጥልቀት የሌለው፣ ማዕበል የማይበረታበት የባሕር ክፍል «ሃልማንግ ባዳንግ» ይባላል፤ የአያቶች ባሕር ማለት ነው። እዚያ የሚሠሩት ያረጁ ሴቶች ብቻ ናቸው። ወጣቷና ጉልበተኛዋ ብትገባ በግማሽ ቀን ጠርጋ ልታወጣው ትችላለች፤ ደንቡ ግን አይፈቅድላትም። እሷ ወደ ጥልቁ ትሂድ፤ ጉልበቷ ለዚያ ነው። ሩቅ ወደ ውስጥ ከገቡት አንዷ ብዙ ስታወጣ ከራሷ መረብ ዘግና በአሮጊቷ ወይም በጀማሪዋ መረብ የምትጨምርበት ልማድም አለ።

ሁለት ነገር አስተዋልን። አንደኛ፣ አያቶቹ ምጽዋት አይቀበሉም፤ የሰበሰቡትን ያህል ነው የሚያገኙት። ሁለተኛ፣ የሚጠበቅላቸው ገንዘብ ሳይሆን ሥራ ነው። እንዳይሠሩ አልተከለከሉም፤ አቅማቸው የሚችለውን ሥራ ሌላ እንዳይቀማቸው ተከለለላቸው።

ነገሩን አሳምረን ብቻ እንዳናቀርበው ሌላውንም እንጨምር። የጄጁ ሴቶች ቤቱን እየመገቡ እንኳ የአባቶች መታሰቢያ ሥርዓትና ውርሱ ወደ ወንድ ልጅ ሲያዘነብል ኖሯል። ሥራውም ነፍስ ያስከፍላል። «በሙታን አገር ሠርተን በሕያዋን አገር እንበላለን» የሚል አባባል አላቸው። ትንፋሽ እያለቀ ሳለ «አንዲት ብቻ ልጨምር» ብላ የዘገየች ውኃ ትጠጣለች፤ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ያንን ስግብግብነት ነው። ዛሬም በዕድሜ የገፉ ጠላቂዎች ሥራ ላይ ሳሉ ልባቸው ቆሞ ይሞታሉ። ብዙ እናቶች «ልጄ ይህን ሥራ አትሥራ» ብለው ገንዘባቸውን ለትምህርት አዋሉት። ከ1960ዎቹ በኋላ የተስፋፋው መንደሪንም ረዳቸው፤ ጥቂት ዛፍ ያላት ልጇን ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ስለምትችል «የዩኒቨርሲቲ ዛፍ» ይሉት ነበር። የተማሩት ልጆች ወደ ባሕር አልተመለሱም። በ1970 14,000 ያህል የነበሩት ጠላቂዎች ዛሬ ከ3,000 በታች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከ60 ዓመት በላይ ናቸው። ባሕሩ እየሞቀ አረሙ እየሳሳ ነው። ዩኔስኮ ባህላቸውን በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግብ ደስ ቢላቸውም መዝገብ ብቻውን አዲስ ጠላቂ አይወልድም።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

እኛ ባሕር የለንም። ነገር ግን በርበሬ መቀንጠስ፣ ቅመም መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ አተር መልቀም አለን። እነዚህ ተቀምጦ የሚሠሩ ቀላል ሥራዎች ናቸው። እስካሁን ጠዋት ቀድመን የምንሻማቸው ማን ነን? እውነቱን እንናገርና ጉልበት ያለን እኛው ነን። ቀላሉን ፈጥነን እንጨርስና ከባዱ ሲቀር «እናቶች አይሠሩም» እንላለን። ይህን ሳናስተውል መኖራችንን ስንጽፈው አፍረናል።

ስለዚህ የንባብ ቡድናችን ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እነዚህ አራት ሥራዎች በዕድሜ ለገፉ አባሎቻችን ይከለሉ፤ እነሱ ካልፈቀዱ በቀር ሌላ አይንካቸው። ክፍያው እንደ ሌላው በቀን ሳይሆን በተሠራው ኪሎ ይሁን፤ የቻለችውን ሠርታ የሠራችውን ታግኝ። የዓመቱ የጋራ ትርፍ ግን ማኅበሩን ላቆመ ሁሉ እኩል ይከፈል፤ እሱ የባሕር አረሙ ገንዘብ ነው። ከእኛ መካከል «ያልሠራ አይካፈል» ትል የነበረችው እህታችን በዚህ ተስማምታለች። «አይነኩ» ትል የነበረችውም እንዲሁ። አንዷ ግን የኪሎው ዋጋ ስንት እንደሚሆን ሳታይ እንደማትፈርም ነግራናለች፤ ልክ ናት።

የኪሎውን ዋጋ እናቶች ራሳቸው ተቀምጠው እንዲያወጡት እንጠይቃለን። ያለ እነሱ ዋጋ ብንቆርጥ የጄጁ ገዥ ያደረገውን ደገምን ማለት ነውና። ለዚህም ከስብሰባው በፊት ባለው ቅዳሜ ቡና ተፈልቶ በማኅበሩ ግቢ እንጠብቃቸዋለን። መራመድ የሚከብዳቸውን ቀድማ የምታመጣ እህት ስሟን ለጸሐፊዋ ታስመዝግብ።

በቸር ይግጠመን።

የማኅበሩ የንባብ ቡድን